ከመፈለጊያው ጀርባ ሰው አለ፦ ለአስትሮኖሚ ተማሪዋ ልጄ

የኔ ልጅ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ስንደዋወል «እማዬ፣ ዶክትሬቴን ከጀመርኩ ላይብረሪ ረግጬ አላውቅም፤ የምፈልገው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አለ» ስትዪኝ ብዙ መናገር ፈልጌ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ተውኩት። ነገሩ ግን ዕድሜዬን የሰጠሁት ሥራ ነውና ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ያልሽው እውነት ነው። አንቺ ላይብረሪ መሄድ አያስፈልግሽም። ላይብረሪው ራሱ አንቺ ጋ መጥቷል፤ የማይታይሽም ለዚህ ነው።

እኔ ሥራ ስጀምር የአስትሮኖሚ ላይብረሪያን ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቅ ነበር። ጆርናሎቹ በፖስታ ይመጣሉ። እንመዘግባለን፣ እናስጠርዛለን፣ መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣለን። ተመራማሪው የፈለገው ጽሑፍ እኛ ዘንድ ከሌለ፣ ላለበት ላይብረሪ ጽፈን ፎቶ ኮፒውን እናስልካለን። እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ። ከዚያ በ1991 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ፖል ጊንስፓርግ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ፣ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን በነፃ የሚያሰራጩበትን፣ ዛሬ አርካይቭ የምንለውን አገልግሎት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ናሳ የሚደግፈው የአስትሮኖሚ ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ኤዲኤስ፣ መጣ። ያኔ ብዙ ሰው «በቃ፣ ላይብረሪያን አበቃለት» አለ።

አላበቃለትም። አርካይቭ ራሱ እኮ በ2001 መሥራቹ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር አብሮት ሄደና፣ ለብዙ ዓመታት ያስተዳደረው የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ነበር። ኤዲኤስ ላይ አንድ ፔፐር ስትከፍቺ ደግሞ ሊንኩ ውስጥ ያለችውን ኮድ አንዴ ልብ ብለሽ እያት። 19 ፊደልና ምልክት ናት። መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ የጆርናሉ ምህጻረ ቃል፣ ከዚያ ቅጹና ገጹ፣ መጨረሻ ላይ የጸሐፊው ስም የመጀመሪያ ፊደል። ኤድዊን ሀብል የጋላክሲዎችን ርቀትና ፍጥነት ያገናኘበት ጽሑፍ ኮዱ በ1929 ይጀምራል፣ ቅጽ 15 ገጽ 168 ብሎ በሀብል ፊደል ያልቃል። ይህን ያየ ሰው ኮምፒውተር ባይኖረው እንኳ ጽሑፉን ከመደርደሪያ ያወጣዋል። ለእኔ ይሄ ድሮ የማውቀው የካታሎግ ካርድ ነው፤ ስክሪን ላይ ወጣ እንጂ።

አሁን ወደ ሲምባድ፣ ወደ ኮከቦቹ የስምና የመረጃ መዝገብ፣ ልውሰድሽ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትከፍቺው አውቃለሁ። ቤቴልጅዩዝ ብለሽ ብትጽፊ፣ አልፋ ኦሪዮኒስ ብለሽ ብትጽፊ፣ ኤችዲ 39801 ብለሽ ብትጽፊ፣ ያው አንዷን ቀይ ኮከብ ያመጣልሻል፤ ስለ እሷ የተጻፈውንም ጨምሮ። ይሄ በራሱ የሆነ እንዳይመስልሽ። ፈረንሳይ ስትራስቡርግ በሚገኘው የዳታ ማዕከል ፔፐሮቹን እያነበቡ «ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ የትኛው ኮከብ ነው?» ብለው የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ። ኮምፒውተር ያግዛቸዋል። ግን ጸሐፊዎች ስም ያሳጥራሉ፣ ቁጥር ይስታሉ፣ የራሳቸውን አዲስ ስም ይለጥፋሉ። ያንን መፍታት የሰው ዓይን ይፈልጋል። አንድ ኮከብ በስህተት የሌላዋን ታሪክ ይዛ ብትመዘገብ፣ አንቺ በዚያ ላይ የምትሠሪው ስሌት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

አብልጬ እንድታውቂው የምፈልገው ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ስለሱ የሚያወራ ሰው እምብዛም ስለሌለ። ትላልቅ ቴሌስኮፖች «በእኛ ዳታ የተጻፉት ፔፐሮች የትኞቹ ናቸው?» የሚለውን የሚመዘግብ ሰው አላቸው። በብዙ ቦታ ያ ሰው ላይብረሪያን ነው። ቺሊ ውስጥ ቴሌስኮፖች ያሉት የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ፣ ጀርመን ጋርሺንግ ባለው ላይብረሪው በኩል ይህን መዝገብ ይይዛል። በተቋሙ ዳታ በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ፔፐር ይታተማል። ላይብረሪያኖቹ የቴሌስኮፑ ስም ያለበትን ጽሑፍ ያወጡና ይመረምራሉ። ጸሐፊው ዳታውን ራሱ ተጠቅሞበታል? ወይስ የሌላ ሰው ውጤት ጠቅሶ ነው ያለፈው? የተጠቀመ ይመዘገባል፤ ስሙን አንስቶ ያለፈ አይመዘገብም። ከዚያ ጽሑፉን ከምልከታው የፕሮግራም ቁጥር፣ ማለትም ዳታው የተሰበሰበበት ምልከታ ከሚታወቅበት መለያ ጋር ያገናኙታል።

ምን ይጠቅማል ትዪኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ፔፐሩን ያነበበ ሰው ከዚያው ተነስቶ ጥሬው ዳታ ጋ ይደርሳል፤ ውጤቱን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሚሰጡ አካላት «ይህ መሣሪያ ምን አፈራ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ከዚህ መዝገብ ይወጣል። አንድ መሣሪያ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለው ክርክር ላይ ቁጥሩ ይቀርባል። ላይብረሪያን ከመደርደሪያ ጠባቂነት ተነስቶ እዚህ ደርሷል፤ ሳይንሱ ራሱን የሚያይበትን ማስረጃ የሚይዘው እሱ ነው። ትልቅ ኃላፊነት ነው፤ የሚገባውን ክብር አግኝቷል ብዬ ግን አላምንም።

የዳታው ነገር ደግሞ አለ። ተመራማሪዎች ዳታቸውን በግል ገጻቸው አስቀምጠው ፔፐሩ ውስጥ ሊንኩን ይሰጣሉ። ሰውየው ሥራ ይቀይራል፣ ሰርቨሩ ይጠፋል፣ ሊንኩ ይሞታል። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በአስትሮኖሚ ጆርናሎች ውስጥ ያሉ የዳታ ሊንኮችን ሲፈትሽ፣ በ2001 ከታተሙት ውስጥ 44 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ አይሠሩም ነበር። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ላይብረሪያን ነበር። በዚህ ምክንያት ላይብረሪዎች ዳታ ማቆየትንም ሥራቸው አደረጉት። የሰማይን ሲሶ ያህል የቃኘው የስሎን ቅኝት የመጀመሪያ ምዕራፎች ሲጠናቀቁ፣ ዳታው እንዲቆይ ኃላፊነት ከወሰዱት መካከል የጆንስ ሆፕኪንስና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎች ነበሩ። አሁን ደግሞ ቺሊ ያለው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ በአንድ ሌሊት ብቻ 20 ቴራባይት ገደማ ያመጣል። ያን ሁሉ የሚገልጽ፣ ስም የሚሰጥ፣ ከዓመታት በኋላም የሚገኝ የሚያደርግ ሰው ካልኖረ፣ መሰብሰቡ ብቻውን ምን ዋጋ አለው?

አሮጌው ነገርስ? እዚህ ላይ ታገሺኝ፤ የምወደው ታሪክ አለ። በ1917 ዋልተር አዳምስ የተባለ ተመራማሪ አሜሪካ ባለው የማውንት ዊልሰን ኦብዘርቫቶሪ፣ የአንዲት ትንሽ ኮከብ ብርሃን ወደ ቀለማቱ ተበትኖ የሚታይበትን ምስል በመስታወት ላይ አነሳ። የቫን ማነን ኮከብ ትባላለች። ማስቀመጫው ላይ በእጁ፣ ኮከቧ ከፀሐያችን ትንሽ ሞቅ ያለች እንደምትመስል ጻፈና አስቀመጠው። ወደ 100 ዓመት ገደማ ሲሆን ጄይ ፋሪሂ የሚባል ተመራማሪ ስለ እንዲህ ያሉ፣ ነጭ ድንክ ስለሚባሉ ሟች ኮከቦች ሲጽፍ፣ ያንን መስታወት ከካርኔጊ ኦብዘርቫቶሪዎች ማከማቻ ጠየቀ። ተፈልጎ ተገኘ። ምስሉ ላይ ካልሲየም መኖሩን የሚያሳየው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በእንዲህ ዓይነት ሟች ኮከብ ላይ ካልሲየም ቶሎ ወደ ውስጥ ይሰምጣል እንጂ ላይ ላዩን አይቆይም። ከታየ፣ ከዙሪያዋ ካለ የፕላኔቶች ፍርስራሽ እየወደቀባት ነው ማለት ነው። ከእኛ ፀሐይ ውጪ ያሉ ፕላኔቶች መኖራቸው የተረጋገጠው በ1990ዎቹ ነው። ማስረጃው ግን ከ1917 ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር! ማን እንደሚፈልገው ሳያውቁ በየተራ የጠበቁት ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ ይህን ማለት አንችልም።

የሃርቫርዱን የዎልባክ ላይብረሪም ማንሳት አለብኝ። ሄንሪታ ሊቪትና አኒ ካነንን የመሳሰሉ ሴቶች ከመቶ ዓመት በፊት ኮከብ ሲለኩ፣ ሲመድቡና ሲያሰሉ የጻፉባቸው ከ2,500 በላይ ደብተሮች አሉ። የላይብረሪው ሠራተኞች ስካን አስደረጓቸው። በጎ ፈቃደኞች የእጅ ጽሑፉን ወደ ታይፕ እየገለበጡ ነው። ሐሳቡ ደብተሮቹ በኤዲኤስ ውስጥ እንዲገኙና እንዲጠቀሱ ነው፤ ሥራቸው በአለቃ ስም ሲወጣ የኖረ ሴቶች በስማቸው እንዲጠሩ። ይህን ላይብረሪያን ካልሠራው ማን ይሠራዋል?

የቤት ውስጥ ሥራ ሲሠራ አይታይም፤ ሲቀር ነው የሚታየው። የእኛም እንዲያ ነው። «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ተብሎ ላይብረሪው ወደ ቢሮነት ሲቀየር፣ ባለሙያዋ ጡረታ ስትወጣ ቦታዋ ሳይተካ ሲቀር አይቻለሁ። ያናድደኛል። አሁን ደግሞ ቻትቦት የሌለ ፔፐር ፈጥሮ፣ ጸሐፊና ገጽ ሰጥቶ ይሰጣል። ተማሪው ያንን ይዞ ላይብረሪያን ዘንድ ይመጣል፤ እሷም የሌለ ነገር ፍለጋ ሰዓት ታጠፋለች።

አንቺን የምለምንሽ ትንሽ ነው። ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ከሌለሽ ዛሬውኑ አውጪ፤ ስምሽን የሚጋሩ ጸሐፊዎች ሥራሽን እንዳይወስዱብሽ፣ አንቺም የእነሱን እንዳትወስጂ። የምትጽፊውን ኮድ በራስሽ ገጽ ላይ ብቻ አትተዪው፤ እንደ ዜኖዶ ያለ ቋሚ መለያ የሚሰጥ ቦታ አስቀምጪው። የኮከቦቹን ስም ሙሉውን ጻፊ። የቴሌስኮፑን የፕሮግራም ቁጥርም አትርሺ፤ እሱን ፍለጋ ስንት ሰው እንደሚደክም ነግሬሻለሁ።

የተቋማችሁን ላይብረሪያንም ፈልጊያት። ፔፐሩን ጽፈሽ ከጨረስሽ በኋላ ሳይሆን፣ አሁን ገና ዳታ ስትሰበስቢ። ምን እንደምትሠሪ ንገሪያት፣ ዳታሽ ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደሚቀመጥ ጠይቂያት። የምትልሽን ደግሞ ጻፊልኝ፤ ከእኔ ዘመን ምን እንደተቀየረ ከእሷ መማር እፈልጋለሁ።

እናትሽ