እማዬ፣ የአንቺን እርግዝና ንገሪኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም በእጅጉ ሰላም ብሎሻል። በስልክ ስንነጋገር ቤቱ በሰው ስለሚሞላና አንዳንዱም ጉዳይ እየተጣደፉ የሚያወሩት ስላልሆነ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረሽ ደብዳቤሽን ራስሽ የምታነቢ መሆንሽንም ስለማውቅ፣ በአንቺና በእኔ መካከል ሊቀር የሚገባውን ነገር በጽሑፍ ልልክልሽ መረጥኩ።

እርግዝናዬ አምስት ወር ሞልቶታል። ልጁ መገላበጥ ጀምሯል፤ ማህፀኔም እምብርቴ ዘንድ ደርሷል። ከእርግዝና በፊት 70 ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝንና በዳሌ አጥንት መካከል ተሸሽጎ የኖረ አካል፣ የመውለጃው ቀን ሲቃረብ ልጁና እንግዴ ልጁ ሳይቆጠሩ ብቻውን አንድ ኪሎ ያህል እንደሚሆን ስሰማ፣ አንቺ ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ከወንዝ ውሃ ትቀጂ እንደነበር አሰብኩና ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። በግንባሬና በጉንጮቼ ላይ ማድያት ወጥቷል፤ ከእምብርቴ ወደ ታች ጥቁር መስመር ተሰምሯል፤ ማታ ማታ ቃር ያስቸግረኛል። እነዚህ ቀላል ናቸው፤ አብዛኞቹም ከወሊድ በኋላ እየደበዘዙ ይሄዳሉ።

ይበልጥ ያስደነቀኝ በዓይን የማይታየው ለውጥ ነው። የነፍሰ ጡር ደም እስከ ስምንተኛው ወር ድረስ እየበዛ ሄዶ ከቀድሞው መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ይህም ከአንድ ሊትር በላይ አዲስ ደም ማለት ነው። የደሙ ውሃማ ክፍል ከቀይ የደም ሕዋሳት ፈጥኖ ስለሚበዛ ደሙ ይቀጥናል፤ ብረት ያልጠገበች እናት ከሆነች ደግሞ ቅጥነቱ ወደ እውነተኛ የደም ማነስ ይሻገራል። ለዚህ ሲባል በየቀኑ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል እወስዳለሁ፤ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱም የእንክብሉን ሰዓት ከቡናዬ ሰዓት አርቄዋለሁ። ልቤም ይህን ሁሉ ደም ለማዳረስ ስትል በደቂቃ ከ10 እስከ 20 የሚደርስ ምት ትጨምራለች። ሆዴ ገና ሳይገፋ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ የነበረውም ከድካም የመጣ አልነበረም፤ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አእምሮን አነቃቅቶ ለሁለት ነፍስ የሚበቃ አየር በጥልቀት እንድንስብ ስለሚያደርግ ነው።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት ጉዳይ እዚህ ላይ ይጀምራልና። ደሙ ይህን ያህል ሲበዛ ግፊቱም አብሮ የሚወጣ ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የእርግዝናው ሆርሞኖች የደም ሥሮችን ግድግዳ ስለሚያላሉት የጤነኛ ነፍሰ ጡር የደም ግፊት በእርግዝናው አጋማሽ ዝቅ ይላል፤ ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ሲደርስ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ከተቀመጥኩበት ድንገት ስነሳ ዓይኔን ጭልም የሚያደርገኝ በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ዛሬ የተለካው ግፊቴ መልካም መሆኑ ደስ ቢያሰኝም ስለ ስምንተኛውና ስለ ዘጠነኛው ወር ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ባለፈው ክትትል አዋላጇ፣ «እናትሽ ወይም እኅትሽ በእርግዝናቸው ጊዜ የደም ግፊት ነበረባቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ታናሹን ወንድሜን ያረገዝሽበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ልጅ ብሆንም ፊትሽና እጆችሽ አብጠው ቀለበትሽ አልወልቅ ማለቱን፣ ራስሽን በሻሽ አጥብቀሽ አስረሽ ብርሃን ማየት አቅቶሽ ጓዳ መተኛትሽን፣ ጎረቤቶችም ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው እንዳጠጡሽ አልረሳሁም። ወንድሜም ወሩ ሳይሞላ እጅግ ትንሽ ሆኖ ተወለደ። ያ ሕመም ምን እንደነበረ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም፤ ሆኖም ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ እርሷም ከአንቺ አፍ የወጣ ዝርዝር እንዳመጣላት አሳሰበችኝ።

እንዲህ ያለችበት ምክንያት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባል፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም ስላለ ነው፤ እንዴት እንደሚመጣም ላስረዳሽ። በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ወደ ማህፀን ግድግዳ ጠልቀው በመግባት የእናቲቱን ጠባብ የደም ሥሮች ያሰፏቸዋል፤ ይህም ልጁ እያደገ ሲሄድ የሚፈልገው ደም ሳይቋረጥ እንዲፈስለት ነው። የመስፋቱ ሥራ ሳይሟላ ሲቀር እንግዴ ልጁ በቂ ደም ያጣል፤ ከዚያም ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች የደም ሥሮቿን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዱታል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቷ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜም በሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ይታያል። የእግር ማበጥ በብዙ እርጉዞች ላይ የሚታይ ነው፤ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው። ሕመሙ በጊዜ ካልታከመ እናቲቱን አንቀጥቅጦ ራስዋን እስከ መሳት ያደርሳታል፤ ለሕይወቷም ያሰጋል። እናቷ ይህ የደረሰባት ሴት ደግሞ ከሌሎች ይልቅ የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የአንቺ እርግዝና ታሪክ ለእኔ እንደ አንድ የምርመራ ውጤት ይቆጠራል።

«እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥርስ ይዞብኝ ወጣ» ስትይ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ይህንንም ጠይቄ ነበር። ልጁ እስኪወለድ ድረስ ለአጥንቱ 30 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል፤ አብዛኛውንም የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። የእናቲቱ አንጀት በዚህ ጊዜ ከምግብ የሚቀበለውን ካልሲየም በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ያ ካልበቃ ከአጥንቷ ይቀነሳል እንጂ ከጥርሷ አይወጣም። ጥርስን የሚያናጋው በሆርሞኖቹ ምክንያት የሚያብጥና የሚደማ ድድ፣ በተደጋጋሚ ማስመለስ የሚያመጣው አሲድም ነው። ሕመሙን ብቻሽን የቻልሽው አንቺ ነሽና ቃልሽን ለማስተባበል አልጻፍኩትም፤ እኔ ድዴን እንድጠብቅ የረዳኝ ያ ቃልሽ መሆኑን እንድታውቂ ነው። የንስሐ አባቴም በጾም ወራት ወተትና እንቁላል እንድወስድ ፈቅደውልኛል። ወተትና እንቁላል በሕፃኑ ገላ ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል የሚሉት ጎረቤቶቻችን አያስጨንቁሽ፤ ያ ነጭ ቅባት ከልጁ ከራሱ ቆዳ የሚወጣ ሆኖ በሽርት ውሃው ውስጥ ገላውን የሚጠብቅለት ነው። የካልሲየም ምግብ በሚያንስባቸው አገሮች ለነፍሰ ጡሮች ካልሲየም እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ የግፊት ሕመም ስለሚቀንስ ነው።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህ ነው። ወንድሜን ስታረግዢ እብጠቱና ራስ ምታቱ በስንተኛው ወር እንደ ጀመረሽ፣ ያንቀጠቀጠሽ ወይም ራስሽን የሳትሽበት ጊዜ እንደነበረ፣ በምጥሽና በአራስነትሽ ጊዜ የሆነውን፣ ከእኔም በፊት ሆነ ከእኔ በኋላ ሳይወለድ የቀረ ልጅ ካለ እርሱንም ጻፊልኝ። የመጨረሻውን መጠየቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በቤታችንም ተነስቶ አያውቅም። ለመጻፍ ከከበደሽ የምትችዪውን ያህል ብቻ ጻፊው፤ ከባለሙያዋና ከእኔ በቀር የሚያየው የለም።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ ራስሽ ነው። በእርግዝና ጊዜ ይህ ሕመም የነበረባቸው ሴቶች ከዓመታት በኋላ በልብ ሕመምና በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል ይበልጣል። የደም ግፊት ደግሞ ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። አልፎ አልፎ ራሴን ያዞረኛል የምትዪውን «እርጅና ነው» ብለሽ አትተዪው። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተለኪ፤ ስትሄጂም ቡና ሳትጠጪ፣ ከደረስሽ በኋላም ጥቂት አረፍ ብለሽ ይሁን። በወሊድ ጊዜ የደረሰብሽንም ለሐኪሙ ንገሪው። ግፊት አለብሽ ከተባልሽና መድኃኒት ከታዘዘልሽ ሲሻልሽ የሚቋረጥ ስላልሆነ ወጪውን እኔና ባለቤቴ በየወሩ እንልካለን፤ በዚህ አታስቢ።

ስልኩን በዘጋን ቁጥር «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትዪኛለሽ፤ አሜን፣ ምርቃትሽ ይድረሰኝ። የተለካሽውን ቁጥር በወረቀት አስጽፈሽ፣ ከላይ ከጠየቅሁሽ መልስ ጋር፣ ከሚቀጥለው ክትትሌ በፊት ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ።

አክባሪ ልጅሽ