ደህና ነኝ፣ ከአውራ ጣቴ በቀር

ይድረስ ለወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፣ ከቀኝ እግሬ አውራ ጣት በቀር። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ፣ ይቅር በለኝ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ። ከዚያ ዘግይቼ መጻፉ አሳፈረኝ። ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ዘገየሁ።

ዛሬ ያስጻፈኝ የእህትህ ወሬ ነው። «በደሙ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ 9 ገብቷል፣ እሱ ግን ቅጠል እየቀቀለ ይጠጣል» አለችኝ። ሳቄ መጣ። በአንተ አይደለም፣ በራሴ ነው።

እኔንም አንድ ሌሊት ሕመም ከእንቅልፌ አባነነኝ። ጣቴ ቀልቶ አብጧል። አንሶላው ሲነካው እንኳ አስጮኸኝ። ሪህ ነው ተባልኩ፣ የዩሪክ አሲዴ ቁጥር 9.4። መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ እኔ ግን «ኬሚካል አልውጥም» ብዬ ዝንጅብል፣ እርድ፣ የሴለሪ ዘርና ሎሚ መቀቀል ያዝኩ። በሳምንቱ ሕመሙ ለቀቀኝ። ያላወራሁለት ሰው የለም! ለካስ የሪህ ሕመም ምንም ባይደረግለትም በአንድ በሁለት ሳምንት በራሱ ይበርዳል። ከስድስት ወር በኋላ ብለካ 9.2። ያ ሁሉ ቅቅል ለ0.2።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩሪክ አሲድ በዴሲ ሊትር ከ6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ መሟሟት ያቅተዋል። እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። ሪህ ላለበት ሰው ሐኪሞች ከ6 በታች እንዲወርድ የሚፈልጉት ክሪስታሉ ቀስ በቀስ እንዲሟሟ ነው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ቅጠል ስትሰማ «ሕመሙን ነው የሚያበርደው ወይስ ቁጥሩን ነው የሚያወርደው?» ብለህ ጠይቅ። እኔን ያሞኘኝ ሁለቱን አንድ ማድረጌ ነው።

ከዕፅዋት ወገን ምንም የለም አልልህም። ቼሪ በሁለት ቀን ውስጥ የበሉ የሪህ ሕሙማን ሕመሙ የሚነሳባቸው 35 በመቶ ያህል ባነሰ ሁኔታ እንደነበር በ2012 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ያ ግን የሕመሙ ነገር ነው። ቫይታሚን ሲ በአንድ ጥናት በቀን 500 ሚሊ ግራም ለሁለት ወር ተወስዶ ቁጥሩን በአማካይ በ0.5 አውርዷል፤ ለአንተ 9ኙ 8.5 ሆነ ማለት ነው። ቡና ጠጪዎችም ቁጥራቸው ዝቅ ይላል። ይኼን የማነሳው ቡና ስለምወድ ሊሆን ይችላል።

ምስርና ስፒናች ትተሃል ይሉኛል። ብላ! ወደ 47 ሺህ ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት ፒዩሪን (ሰውነት ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለውጠው ንጥረ ነገር) የበዛባቸው አትክልቶች ሪህ እንደማያመጡ አሳይቷል። ጥፋተኞቹ ሥጋና የባሕር ምግብ፣ ከመጠጥ ደግሞ ቢራና ስኳር የበዛበት ለስላሳ ናቸው።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» የምትለዋን ግን እርሳት። የሪህን ሕመም የሚያስታግሰው ኮልቺሲን የተባለ መድኃኒት የተገኘው ከአበባ ነው። ያቺው አበባ ሰው ትገድላለች። ደግሞም ኮልቺሲን ዩሪክ አሲዱን አያወርድም።

እኔ በመጨረሻ ዩሪክ አሲድን የሚያወርደውን መድኃኒት፣ አሎፑሪኖልን ጀመርኩ፣ በትንሽ መጠን። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሁለቴ ተነሳብኝ። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር አላቋረጥኩም። ዛሬ 5.6 ነኝ። ጣቴ በብርድ ቀን ያጉረመርማል እንጂ አያስጮኸኝም። ዝንጅብሉን አሁንም እጠጣለሁ፣ ጣዕሙን ስለምወድ ብቻ።

አንተ ሪሁ ገና አልተነሳብህ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ መድኃኒት መጀመርህን የሚወስነው ሐኪምህ ነው፣ ሁሉም ሰው አይጀምርም። ኩላሊትህን ግን ተመርመር፣ አብዛኛው ዩሪክ አሲድ የሚወጣው በዚያ ነው። ስትሄድም ቅጠሉን አትደብቅ፣ እኔ ደብቄ ነበር።

ለመሆኑ የምትቀቅለው ምንድን ነው? ስሙን ጻፍልኝ። ቁጥርህንም አብረህ ላክ።

የማይረሳህ ወዳጅህ