ክፍያው ከመጨመሩ በፊት መዝገቡ ይከፈትልን

ለትምህርት ሚኒስትር

ክቡር ሆይ፣

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ሁለት የጭማሪ ማስታወቂያ ደርሶኛል። ሁለቱም «የትምህርት ጥራትን ለማስጠበቅ» ይላሉ። የመጀመሪያው ጭማሪ ምን ላይ እንደዋለ ግን ሁለተኛው ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። እኔ የምጠይቅዎ ያንን መስመር ነው።

እውነቱን ለመናገር ማስተማር ውድ ነገር ነው። ፋብሪካ ማሽን ቀይሮ ምርቱን እጥፍ ያደርጋል። መምህር ግን የሃምሳ ተማሪ ፈተና በግማሽ ሰዓት ልረም ቢል በግምት ነጥብ ከማደል ሌላ አማራጭ የለውም። ደሞዙ ከሌላው ሙያ ጋር አብሮ ካላደገ ደግሞ ጥሎ ይሄዳል። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ባውሞል ይህን ችግር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስረድቶታል። መንግሥት ድጎማ ሲቀንስ ጉድለቱ ተማሪው ላይ እንደሚያርፍም አውቃለሁ። ስለዚህ ጭማሪ ሁሉ ዘረፋ ነው አልልም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመዝናኛ ማዕከሉን ሲያስፋፋ 85 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ከተሠሩት ነገሮች አንዱ ተማሪዎች ተጋድመው የሚንሳፈፉበት ሰው ሠራሽ ወንዝ ነው። ወንዙ የተቀየሰው በዩኒቨርሲቲው ስም ምህጻረ ቃል ቅርጽ ነው፤ ቀልዴን አይደለም። ገንዘቡ የመጣው ከተማሪዎች ክፍያ ነው። በእነዚያው ዓመታት ግዛቲቱ ለዩኒቨርሲቲዎቿ የምትመድበውን በጀት እየቆረጠች ነበር። ወንዝ ቢያንስ ይታያል። የማይታየው ይብሳል፦ የአማካሪ ክፍያ፣ በየዓመቱ የሚቀየር ሎጎ፣ የምክትሉ ምክትል።

«ጣሪያ አበጅተናል» እንዳይሉኝ ደግሞ እንግሊዝን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክፍያ ሲጀመር በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ነበር። በ2006 ወደ 3,000፣ በ2012 ወደ 9,000 ከፍ አለ። 9,000ው ለልዩ ሁኔታ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች እዚያው ጣሪያው ላይ ተገኙ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ጭማሪ ሲጠይቅ ያለፈው ጭማሪ የት እንደገባ በአንድ ገጽ ያሳይ። ስንቱ ለመምህርና ለቤተ ሙከራ፣ ስንቱ ለቢሮ እንደዋለ ለይቶ ይጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪ በገባበት ዋጋ ይመረቅ። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ልጅ «ተወደደብኝ» ብሎ ትቶ የሚወጣበት ነገር አይደለም። ሁለት ዓመቱን ማን ይመልስለታል? ዩኒቨርሲቲዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህ ይመስለኛል በመሃል መጨመር የማይከብዳቸው።

ለእኔ በግል መልስ መጻፍ አያስፈልግዎትም። ገጹ የሚቀጥለው የክፍያ ማስታወቂያ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ፣ ከጎኑ ቢለጠፍ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተማሪ ወላጅ