አባባ፣ ስለ 4.2ቱ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን በስልክ መመለስ አልሆነልኝም። ገና ስጀምር «ይሁን ልጄ፣ ገባኝ» ይሉኛል፤ እንዳልገባዎት ግን ከድምፅዎ አውቃለሁ። ስለዚህ ረጋ ብለው እንዲያነቡት በጽሑፍ አደረግሁት።

ጥያቄዎ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ አልትራሳውንዱ በሆዴ ውስጥ ያለው ታላቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ሰፍቶ 4.2 ሴንቲ ሜትር ደርሷል ካለ ሐኪሙ ለምን አይቆርጠውም፣ ለምንስ በዓመትዎ ይመለሱ ብሎ ሰደደኝ የሚል። ሁለተኛው፣ ወገቤን የሚያመኝ እሱ ነው ወይ የሚል። ሁለቱም የሚመለሱት ቦታውን ሲያውቁት ነው።

ተማሪዎቼን የሰው አካል ሳስተምር ከሁሉ የምወደው አንጀቱ ወደ ጎን ተገልሎ የሆድ የኋላ ግድግዳ የሚታይበትን ቀን ነው። መጀመሪያ ስሱ ሽፋን ይገፈፋል። ከሥሩ ስብ አለ። ስቡ በጣት ቀስ እየተባለ ሲጠረግ አምስቱ የወገብ አጥንቶች መሃል ላይ ጉብ ብለው ይወጣሉ። ከግራና ከቀኛቸው ሶአስ የሚባለው ረጅም ጡንቻ እስከ ጭን አጥንት ይወርዳል፤ ተቀምጠው ጉልበትዎን ወደ ላይ ሲያነሡ ዋናው ሠራተኛ እሱ ነው። ከጎኑ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት እስከ ዳሌ የተዘረጋ ሌላ ጠፍጣፋ ጡንቻ አለ። ኩላሊቶች የሚያርፉት በእነዚህ ላይ ነው፤ የቀኙ ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከላዩ ጉበት ስላለ።

አኦርታ ደግሞ በቀጥታ ከአጥንቶቹ ፊት፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ብሎ ይወርዳል። ከልብ የወጣውን ደም ወደ ታች የሚያደርስ ታላቁ ደም ቅዳ ነው። ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራም፣ ኋላ ሾልኮ ወደ ሆድ ይገባና 4ኛው የወገብ አጥንት ላይ፣ ከውጭ ሲለኩት እምብርት አካባቢ፣ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ያመራል። በቀኙ በኩል ታላቁ ደም መልስ ወደ ልብ ይወጣል። አኦርታ በመንገዱ ለጨጓራና ለጉበት፣ ለአንጀት፣ ለሁለቱ ኩላሊቶች፣ ለወገብ ጡንቻዎችና ለአከርካሪ ቅርንጫፍ እየሰጠ ይሄዳል።

ጤነኛ አኦርታ እዚህ ቦታ ላይ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሲሞላ አኑሪዝም፣ ማለትም የደም ቅዳ እብጠት፣ ይባላል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አኦርታ በጣቴ ብዙ ጊዜ ዳስሻለሁ፤ ካልሲየም የተጋገረበት ቦታ ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ሳስቶ ይገኛል። ያረጀ የብስክሌት ካለማንደሪያ በሳሳበት በኩል እንደሚነፋ ሁሉ የእርስዎም ግድግዳ የለቀቀው በሳሳበት ቦታ ነው። በሰፋ ቁጥር ግድግዳው የሚሸከመው ጫና ይጨምራል፤ ጫናው ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። የደም ግፊት መድኃኒትዎን አንድም ቀን እንዳይዘሉ የምነዘንዝዎ ለዚህ ነው።

በአልትራሳውንዱ ውጤት ወረቀት ላይ «ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች» የሚል ተጽፏል። ይህችን ቃል እንደ ተራ ነገር አይለፏት። ለኩላሊቶች የሚሄዱት ቅርንጫፎች ከአኦርታ የሚወጡት 1ኛውና 2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። እብጠቱ ከእነሱ በታች ከሆነ፣ ቀን መጥቶ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ እንኳ ሐኪሙ ደሙን ከዚያ በታች ይዞ ሲሠራ ኩላሊቶቹ ደም አይቋረጥባቸውም። አብዛኞቹ የሆድ አኑሪዝሞች የሚገኙትም እዚያው ነው።

ታዲያ ለምን አሁኑኑ አይሠራም? ይህ ጥያቄ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሞችም ተከራክረውበታል። በእንግሊዝ አገር ከ4.0 እስከ 5.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኑሪዝም ያለባቸው 1,090 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ቶሎ ተሠሩ፣ ግማሾቹ በአልትራሳውንድ እየተለኩ ተጠበቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ፤ ቶሎ መሠራቱ ዕድሜ አልጨመረም። በ2002 የታተመው የአሜሪካኖቹ ጥናትም ያንኑ አለ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ አደጋ ስላለው፣ በወንዶች ላይ እብጠቱ 5.5 እስኪደርስ መጠበቁ ይሻላል። ስለዚህ ሐኪምዎ ቸል አላለዎትም፤ የደበቀዎትም ነገር የለም። በዓመት ይመለሱ ያለዎት የተጠና ነገር ይዞ ነው።

አልበርት አይንስታይንም ይኸው በሽታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም የሆዱን አኦርታ በሴሎፎን ጠቀለለለት፤ ያኔ የተሻለ መላ አልነበረም። አይንስታይን ከዚያ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ኖረ፤ በ1955 አኦርታው ሲፈነዳ ዳግም መሠራትን እምቢ ብሎ በ76 ዓመቱ ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ዛሬ ለብዙ ሰው ሆድ ሳይከፈት፣ ብሽሽት ላይ ባለው ደም ቅዳ በኩል በጨርቅ የተሸፈነ ስቴንት የሚባል የሽቦ ቱቦ ይገባለታል። ይህን የምነግርዎ 5.5 ቢደርስ እንኳ መላ እንዳለው እንዲያውቁ ነው።

አሁን ወደ ወገብዎ። ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ የሚይዝዎ፣ ጋደም ሲሉ የሚለቅዎ ሕመም የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጠባይ አለው። የአኦርታ ሕመም እንቅስቃሴ አይከተልም። የቀኝ ጭንዎ ውጫዊ ጎን ይደነዝዛል፣ ያቃጥለኛልም ብለውኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሌላ ነው። ከ1ኛው እስከ 4ኛው የወገብ አጥንት የሚወጡት ነርቮች ሶአስ ጡንቻ ውስጥ ተጠላልፈው ከጠርዙ እንደ ነጭ ገመድ ይወጣሉ። አንዱ በዳሌ አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ አቋርጦ ቀበቶ ከሚታሠርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከዳሌው የፊት ጉብታ አጠገብ ወደ ጭን ይወርዳል። ሥራው የቆዳ ስሜት ብቻ ነው፤ ጡንቻ አያዝም። ቀበቶ ሲጠብቅ፣ ሆድ ሲጨምር እዚያ ጋ ይቆነጠጣል። እስኪ ቀበቶዎን ላላ አድርገው ይክረሙ። ጉልበትዎ መክዳት ከጀመረ ግን የሌላው፣ የትልቁ የጭን ነርቭ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

አሁን የምጽፈውን ለቤት ሰው ሁሉ ያስነብቡልኝ። ድንገት የጀመረ ብርቱ የሆድ፣ የጎን ወይም የወገብ ሕመም፣ ቢተኙም ቢገላበጡም የማይለቅ፣ በተለይ ላብና ማዞር ካለበት፣ ቅባት እየቀቡ ማደር የለም። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል፤ እንደ ገቡም መጀመሪያ «አኦርታዬ ሰፍቷል» ይበሉ። ከጎን ወደ ብሽሽት የሚወርድ ሕመም የኩላሊት ጠጠርም ስለሚመስል ሐኪምም ሊሳሳት ይችላል። አኦርታ ከስሱ ሽፋን ጀርባ ስለሆነ አንዳንዴ ሲቀደድ ደሙ እዚያው ለጊዜው ይታፈናል፤ ሰው ለመትረፍ ፋታ የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ነው። እባክዎ አባባ፣ እሷን ሰዓት «ያልፍልኛል» ብለው አይጨርሷት።

ሲጋራውን ደግሞ ደግሜ እለምንዎታለሁ። እንዲህ ላለ እብጠት ከሲጋራ የከፋ ነገር የለም፤ እንዲመጣም ያደርገዋል፣ ከመጣ በኋላም ያፋጥነዋል። ቀንሻለሁ ብለውኛል፣ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ግን ጨርሶ እንዲተው እፈልጋለሁ። ብዙ ዓመት እንዲቆዩልኝ ስለምፈልግ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለቀጠሮው ሲሄዱ የዘንድሮውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ዓይነት አለካክ ከሆነ ነው ቁጥሩ የሚመሳከረው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢጨምር አይደንግጡ፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። ነገሩ በዘርም ስለሚሄድ ወንድሞቼ ዕድሜያቸው ሲደርስ መታየት አለባቸው፤ ለእነሱ እኔ እነግራቸዋለሁ። ከወረቀቱ ያልገባዎት ቃል ካለ ይጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልስልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ