ቅዳሜ እንወስን፦ የአውሮፓ ሞተር ይግባ ወይስ አይግባ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ በበጋው (በሰመር) የመኪና ትርኢታችን የአውሮፓ ሞተር ያላቸው መኪኖች ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለውን ቅዳሜ ተገናኝተን እንወስን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በአሜሪካ 9)፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የተለመደው ፓርኪንግ።

የጻፋችሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ የአሜሪካ ሞተር በጉልበትም በዋጋም ስለሚሻል የአውሮፓው አይግባ ብላችኋል። የ2015 ሞዴሉ የአሜሪካው ዶጅ ሄልካት ከ6.2 ሊትር ሞተር 707 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ ዋጋውም ከጣሊያኑ ፌራሪ በጣም ያነሰ ነው፣ ይሄ እውነት ነው። ግን የፌራሪ 458 ሞተር 4.5 ሊትር ብቻ ሆኖ፣ ያለ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ)፣ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር እየዞረ 562 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይሄን ንቆ ማለፍ ልክ አይደለም። ደግሞ የ1990ው የአሜሪካ መኪና ኮርቬት ዜድአር-1 ሞተር እኮ ከእንግሊዙ የመኪና ኩባንያ ሎተስ ጋር ተነድፎ ኦክላሆማ ውስጥ ነው የተሠራው፤ ዴ ቶማሶ ፓንቴራ በተቃራኒው የጣሊያን መኪና ሆኖ የአሜሪካው ፎርድ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ነው የተገጠመለት። ታዲያ የቱን ልናስወጣ ነው? እኔ ይግቡ ባይ ነኝ።

የጥገና ደረሰኝ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እስካሁን በወጪ ጉዳይ የምንከራከረው በግምት ነው። መኪናችሁንም አምጡ፣ ግን ሞተር አታስጩኹ፣ ሰፈሩ ውስጥ ሕፃናት አሉ።

እስከ ሐሙስ ማታ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» በሉ። የማትመጡ ድምፃችሁን እዚሁ ጻፉ።