ይቺን አሮጌ ጂፒኤስ ይዘሽ ሂጂ

ልጄ፣

ይሄን ደብዳቤ ከጂፒኤሷ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ከትቼልሻለሁ። እንዳትስቂ። አዎ፣ ያቺው ናት። ትንሽ ሆነሽ ከኋላ ወንበር ላይ ትከራከሪያት የነበረችው። መታጠፊያ ባለፍኩ ቁጥር «ሪካልኩሌቲንግ» (መንገዱን እንደገና ላስላ) ስትል እናትሽ «ደግሞ ተቆጣች!» ትል ነበር።

«ስልክ እያለኝ ምን ታደርግልኛለች?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ግን የምትሄጂው ዌስት ቨርጂኒያ፣ ግሪን ባንክ ነው። ሰመሩን የምትሠሪበት የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚሰማ፣ 100 ሜትር ስፋት ያለው ጆሮ ነው። እሱ እንዳይረበሽ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ 13 ሺህ ስኩዌር ማይል የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና ተከልሎለታል። እዚያ አጠገብ ስልክሽ ኔትወርክ አያገኝም። ስልክሽ ውስጥም ጂፒኤስ አለ፣ ልክ ነሽ። ካርታውን ግን የሚያመጣው ከኔትወርክ ነው። ቀድመሽ ካላወረድሽው ባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ታያለሽ። ይቺ ግን ካርታዋ ሆዷ ውስጥ ነው። ከሳተላይት ትሰማለች እንጂ ማንንም አትጠራም። እና አውርጂም፣ ይቺንም ያዢ።

የገዛኋት ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ነው። አዲስ አበባ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከሱቁ አለፍ ብሎ» እየተባለ መንገድ ሲነገረው ያደገ ሰው እዚህ መጥቶ ቁጥርና ፊደል ላይ ይወድቃል። የዲሲን ጣጣ ታውቂዋለሽ። ከተማው ከካፒቶል፣ ከምክር ቤቱ ሕንፃ፣ ተነስቶ ለአራት ተከፍሏል፤ ያው አንድ የመንገድ ስም በኖርዝዌስትም በሳውዝኢስትም ይገኛል። በገዛኋት ሳምንት አንድ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ አሳፈርኩ። አድራሻውን ነግሮኝ እንቅልፉን ለጠጠ። ጻፍኩ፤ ምርጫ ዘረዘረችልኝ፤ እኔ የመጀመሪያውን ነካሁ። ቤቱ ኖርዝዌስት ነው፣ እኔ ሳውዝኢስት ወስጄ አወረድኩት። ሰውየው ነቅቶ ዙሪያውን ሲያይ የነበረውን ፊቱን አልረሳውም። ሒሳቡንም አልተቀበልኩትም። እሷ አልተሳሳተችም፤ የጠየቅኳትን ነው የሰጠችኝ።

ስለዚህ አድራሻ ስታስገቢ መጀመሪያ ስቴት ትጠይቅሻለች። ዌስት ቨርጂኒያ በይ። ቨርጂኒያ ላይ እንዳለች ከተውሻት እልም ያለ ሌላ ቦታ ትወስድሻለች። «ጀምር» ከማለትሽ በፊት ደግሞ መንገዱን በሙሉ አሳዪኝ በያትና በዓይንሽ ተከተዪው። በ66 ቁጥር መንገድ ወጥተሽ፣ 81ን ወደ ደቡብ ይዘሽ እስከ ስታንተን፤ ከዚያ 250ን ይዘሽ በማክዳወልና በሞንትሬይ አልፈሽ ባርቶው፤ ከባርቶው 28ን ወደ ደቡብ። ሌላ ነገር ካሳየችሽ አቁሚና ጠይቂኝ። እስከ ስታንተን ድረስ ስልክሽ ይሠራል።

ሴቲንጉን አስተካክዬዋለሁ፤ አትንኪው። «አጭር» የሚለውን ትቼ «ፈጣን» የሚለው ላይ አድርጌዋለሁ። ለእሷ አጭር ማለት በማይል የሚያንስ ማለት ነው። ተራራ ውስጥ በማይል የሚያንሰው ደግሞ ጫካ የሚያቋርጥ የኮረት መንገድ ሊሆን ይችላል። ያንቺ ቶዮታ ደግሞ ሆዷ መሬት ለመሬት ነው።

ስታበሪያት አትቸኩዪ። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተኝታ ነበር። ቦታዋን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይቶችን መስማት አለባት፤ እነሱ ደግሞ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የትኛው ሳተላይት የት እንዳለ የሚነግረው መዝገብ ተላልፎ እስኪያልቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ከጋራዥ አውጥተሽ፣ ሰማይ ወደሚታይበት ቦታ ቆመሽ፣ ሻይሽን ጠጪ። እየነዳሽ ከጀመርሽ የባሰ ይቆይብሻል። ተራራ ሥርና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ውስጥ ስትገቢም ትንሽ ትደናበራለች። ዲሲ ላይ ይሄ ችግር ብዙም አልነበረብኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በወጣው የሕንፃ ከፍታ ሕግ ምክንያት ሰማይ የሚከልል ፎቅ የለም። የምትጠፋብኝ ሦስተኛው ጎዳና ቶነል ውስጥ ስገባ ነበር።

ያኔ እራት ላይ የነገርሽንን አልረሳሁም። የሳተላይቶቹ ሰዓት ከኛ በቀን 38 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ይቀድማል፣ ካልታረመ ስህተቱ በአንድ ቀን 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ብለሽ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ አስረዳሽን። ይሄን ያወቀው የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ለታክሲ ነጂ እንዲህ ይጠቅማል ብዬ አላስብም ነበር። (ለ38 ማይክሮሰከንድ የሚጨነቅ ሰው ለእሁድ ምሳ አንድ ሰዓት እንዴት እንደሚያረፍድ ግን እስካሁን አልገባኝም።) እኔም አንድ ልንገርሽ፤ አሜሪካኖቹ እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ ለሲቪሉ የሚላከውን ሲግናል ሆን ብለው ያዛቡት ነበር። እስከ መቶ ሜትር ያሳስት ነበር። በዚያ ዓመት ሜይ ላይ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ተነሣ። ባይነሣ ኖሮ ይቺ ዕቃ የትኛው መታጠፊያ ጋ እንዳለሽ መለየት ያቅታት ነበር።

ጎበዝ የሆነችበት ነገር ፍጥነት ነው። የኔ መኪና ቆጣሪ 58 ሲል እሷ 56 ትለኛለች፤ የማምነው እሷን ነው። የፍጥነት ገደቡን ግን ከካርታው ነው የምታነበው። ካርታውን ባለፈው ሳምንት ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ አድሼዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። ቦታ ስላነሳት የምሥራቁን ክፍል ብቻ አስቀረሁ፤ ካሊፎርኒያ ብትሄጂ አታውቅሽም። ያም ሆኖ የመንገዱ ምልክት ላይ 35 ተጽፎ እሷ 45 ካለችሽ ምልክቱን ስሚ። ነዳጅ ማደያ ብላ የምታሳይሽንም ሁሉ እንዳታምኚ፤ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ስታንተን ላይ ሙሉ አድርጊ።

ባትሪዋ ሞቷል። 20 ደቂቃም አትቆይም። ገመዱን ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ አትንቀዪው። መስታወት ላይ የሚጣበቀውን ጎማ በሞቀ ውሃ አርሰሽ ለጥፊው። ስታቆሚ ንቀያት፤ ጎማው የተወውንም ክብ ምልክት ጥረጊው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ መስታወቴን የሰበሩት ያን ክብ አይተው ነው፤ እሷ እንኳን ኪሴ ውስጥ ነበረች። ስልክሽን ደግሞ እየነዳሽ በእጅሽ እንዳትይዢ። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ከልክላለች፤ የመጀመሪያው ቅጣት 125 ዶላር ነው። እኔ አልከፍልልሽም።

ብሉቱዟን አጥፍቼዋለሁ፤ ግቢው ስትደርሺ ራሷንም አጥፊያት። ቴሌስኮፑ አጠገብ ከናፍጣ መኪና በቀር አያስገቡም ብለሽኛል፤ የቤንዚን መኪና ካንዴላ የሚረብሸው ጆሮ ይቺንም ሊሰማት ይችላል።

«ቤት» የሚለውን ስትነኪ ወደ እኛ ታመጣሻለች። እስከ ትናንት ድረስ የድሮውን አፓርታማችንን ነበር የምታሳየው፤ አሁን ተስተካክሏል።

ስትደርሺ ከመስመር ስልክ ደውዪ። በኔ ቁጥር ይሁን፤ እናትሽ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም።

አባትሽ