ለደንበኞቻችን፦ «ለአንድ ጥርስ የሦስት ጥርስ ዋጋ» ስለተባለው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመስከረም ወዲህ በብሪጅ (በወለቀ ጥርስ ቦታ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ተያይዞ በሚሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ) ዋጋ የተነሳ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችሁናል። በስልክ «አንድ ጥርስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ፣ ስትመጡ ሦስት እጥፍ ተነገራችሁ። በስልክ አጥርተን አለመናገራችን ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ። ዋጋውን ግን ማውረድ አልቻልንም፤ ምክንያቱን ስሙን።

ብሪጅ ከድድ በታች ሥር የለውም። አንድ ጥርስ ከወለቀ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥርሶች ዙሪያቸውን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ተሞርደው ሽፋን ይለብሳሉ፤ የመሃሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሁለቱ ሽፋኖች ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ይሠራል። ብሪጁን የሚሠራው ላብራቶሪ የሚያስከፍለን የሦስት ጥርስ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ከወለቀ ቢያንስ አራት ይሆናል።

«አንዱ ላይ ብቻ አስራችሁ የሁለት አስከፍሉኝ» ያላችሁን አልረሳንም። ለትንሽ የፊት ጥርስ አንዳንዴ ይሆናል። ለመንጋጋ ግን አንሠራም። ቆሎ በተቆረጠመ ቁጥር የተንጠለጠለው ጥርስ ተሸካሚውን ይፈነቅለዋል፤ ወይ ሲሚንቶው ይለቃል፣ ወይ ጥርሱ ከድዱ አጠገብ ይሰበራል። ያኔ የጎደለው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ የምትወቅሱትም እኛን ነው።

አስቀድሞ ራጅ እናነሳለን። ተሸካሚው ጥርስ ከተቦረቦረ ይሞላል፣ ነርቩ ከተጎዳ ይታከማል፤ ይህ ለብቻው ይከፈላል። ከዚያ ሞርደን በሲሊኮን ልክ እንወስዳለን። በድዱ ጠርዝ የመርፌ ጫፍ የምታህል የአየር አረፋ ወይም ጥቂት ደም ካለ፣ ሽፋኑ ጠርዙ ላይ አይገጥምም፤ ምራቅ ሰርጎ ከሥር ጥርሱን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ልኩን ጥለን እንደገና እንወስዳለን። ሁለተኛውን ሲሊኮን አስከፍለናችሁ አናውቅም፤ አንድም ሰው ልብ ብሎልን አያውቅም እንጂ። ልኩ አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ ጊዜያዊ ሽፋን ታደርጋላችሁ። ሲመጣ ንክሻውን ባለቀለም ወረቀት አስነክሰን እናያለን፤ ጥቂት እንኳ ከፍ ካለ ያማል።

ሲሊኮኑም፣ ሲሚንቶውም፣ ብሪጁ የሚሠራበት ዚርኮኒያም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። እኛ የድሮውን ዋጋ ይዘን ከዓመት በላይ ቆየን፤ እናቶቻችሁንም ልጆቻችሁንም ያከምን ስለሆነ ጨክነን መጨመር አቅቶን ነበር፤ አሁን ግን ጨምረናል።

ግማሹን ቀድማችሁ ክፈሉ ማለታችንም አስቆጥቷችኋል። ለእርስዎ የተሠራ ብሪጅ ለሌላ ሰው አፍ አይሆንም። መሳቢያችን ውስጥ ባለቤቶቻቸው ያልተመለሱላቸው ብሪጆች አሉ። ወራት ካለፉ ጥርሶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ለባለቤቱም ላይገቡ ይችላሉ።

ዋጋው ከከበዳችሁ ንገሩን፤ አናፍርባችሁም። ከሥሩ ብረት ያለው ፖርሰሊን ከዚርኮኒያ ይረክሳል፤ ፖርሰሊኑ ከተላጠ ግን ብረቱ ይታያል። ተነቃይ ጥርስ ከሁሉም ይረክሳል፣ ጎረቤት ጥርስም አያስሞርድም። ሁለቱ ጎረቤቶች ጭራሽ ያልተነኩ ጤነኛ ጥርሶች ከሆኑ፣ አቅምና አጥንት ካለ ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ይሻላል፤ ብሪጅ እየሸጥንም ይህን እንናገራለን።

ብሪጅ ያላችሁ፣ ከመሃሉ ጥርስ ሥር በየማታው የጥርስ ማጽጃ ክር በማሳለፊያ አስገብታችሁ አጽዱ። መጥፎ ሽታ ካለው ወይም አንድ ጫፉ ከተነቃነቀ ባያማችሁም ኑ። እባካችሁ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት! ተጣሞ ከተጣበቀ ሳይሰበር የሚወጣበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

ከዋጋ ለውጡ በፊት ልክ የተወሰደላችሁ በቀድሞው ዋጋ ትጨርሳላችሁ፤ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ። አዲሱ ዋጋ በጥርስ ቁጥር ተዘርዝሮ በር ላይ ተለጥፏል። ከማክሰኚትና ከደባርቅ የምትመጡ ቀድማችሁ ደውሉልን፤ ብሪጁ ሳይደርስ የትራንስፖርት ገንዘብ እንዳታወጡ።

አክባሪያችሁ፣
የክሊኒኩ ባለቤት፣ ጎንደር